የታደሰው ሻወር ቤት የፍሳሽ ሽታ ከየት ነው የሚመጣው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ያሳደሰ ሰው ሳያውቀው አይቀርም ብዬ ነው የምጠይቀው። ቤታችን ከአያት ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ያለ ቪላ ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር እኛ ጋ አልደረሰም፤ ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ አለን። ሻወር ቤቱን በቅርቡ አሳደስነው። አሮጌው ሴራሚክ ሳይነሳ አዲሱ ከላዩ ተለጠፈ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ዞረ። እሱ በነበረበት ቦታ የእጅ መታጠቢያ ከነካቢኔቱ ገባ። መስኮቷ ጠባብ ስለሆነች አየር የሚያወጣ ፋን ተገጠመ።

ሥራው ዓይን ይሞላል። ግን ይሸታል። የእርጥበት ወይም የሲሊኮን ሽታ አይደለም፣ የጉድጓድ ሽታ ነው። ጠዋት በሩን ስንከፍት ይብሳል። ቀን ላይ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ያሠራነው ሰው መጥቶ አሸተተና ጊዜ ሲያገኝ ይለቃል ብሎ ሄደ። ቤት ውስጥ ሕፃን ስላለ እኔ መጠበቅ አልፈልግም። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ደግሞ መዶሻ ማንሳት ያስፈራል። ሴራሚክ ሳልሰብር የሽታውን መነሻ እንዴት ላግኘው?

መልሶቹ ብዙ ሆኑ። አንዱ የሌላውን ደገመ፣ አንዱ ከሌላው ተጋጨ። በኋላ ይኸው ችግር ገጥሞት ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስፍሬያቸዋለሁ። ከሥራቸውም የሞከርኩትን ጻፍኩ።

መልስ 1። ቤቱን መርቆ ጀመረ። ከዚያ ወለሉ ላይ ባለው የውሃ መውረጃ፣ ፍሎር ድሬን በሚባለው፣ አንድ ባልዲ ውሃ እንዳፈስ ነገረኝ። ከእያንዳንዱ የፍሳሽ መውጫ ሥር ሲፎን አለ፤ ቧንቧው ጎንበስ ብሎ መልሶ ቀና የሚልበት ቦታ ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት አለው። የጉድጓዱን አየር ከቤቱ የሚለየው ይኸው ውሃ ነው። እሱ ከደረቀ ሽታው ያለ ከልካይ ይገባል። አዲስ ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ ከሥራው በኋላ ድሬኑ ላይ ውሃ ያላፈሰሰ ሰው ብዙ ነው አለ።

መልስ 2። ሱሉልታ ቤት ኖሮት መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ በመልስ 1 ተስማማ። እሱ ቤቱን በወር አንዴ ነው የሚከፍተው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሲፎኑ ቶሎ ይደርቅበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃውን ከሞላ በኋላ ትንሽ የምግብ ዘይት ያፈስበታል። ዘይቱ ላይ ላዩን ስለሚንሳፈፍ ውሃው ቶሎ አይተንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የእንግዳ ሻወር ቤት ላይም እንዲሁ መደረግ አለበት ብሎ ጨመረ። ይህቺ ምክር ወጪም ድካምም የላትም፤ ለማንም ትሆናለች።

መልስ 3። ሰበታ የሚሠራ የሳኒተሪ ባለሙያ ነው። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ መጣ። ሽታው የሚመጣው ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ነው ወይስ ዝም ብሎ? ሻወር ሲከፈት ነው? ሙቅ ውሃ ሲከፈት ብቻ ነው? ፋኑ ሲሠራ ይብሳል? መቀመጫው ሲቀመጡበት ይነቃነቃል? ንፋስ ያለበት ቀን ይለያል? እነዚህን ሳያውቁ መዶሻ ማንሳት ደንቆሮነት ነው አለ። ቃሉ ከረር ይላል። ሆኖም ከዚህ በታች የተገኘው ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው የመጣው።

መልስ 4። ነገሩን አቀለለው። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅዬ ድሬኑ ላይ እንዳፈስና በሩን ዘግቼ እንዳሳድር መከረኝ። በእሱ ቤት ይህ ዘዴ ሠርቶለታል አሉ።

መልስ 5 የኔ ነው። ለመልስ 3 መለስኩ። ሙቅም ቀዝቃዛም ውሃ ላይ ለውጥ የለውም። መቀመጫው አይነቃነቅም። ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ድሬኑ ትንሽ ጉርጉር ይላል። ማታ ማታ ፋኑን ከፍተን ነው የምናድረው። ባልዲ ውሃም አፍስሻለሁ፤ አልተለወጠም።

መልስ 6። መድኃኒት ቤት የምትሠራ እህት ናት፤ መልስ 4 ላይ ተቆጣች። መቆጣቷም ተገቢ ነው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ይህን ማድረግ ሽታ ማጥፋት ሳይሆን ሰው መግደል ነው አለች። ሕፃን ያለበት ቤት መሆኑን እያነበበ እንዴት እንዲህ ይጽፋል ብላ ጠየቀችው።

መልስ 7። የመልስ 4 ሰው ተመልሶ መጣ። ማንም እንደሱ ያደርጋል፣ አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ አለ። ከሥሩ ብዙ ሰው ተረባረበበት። እኔ እዚህ ላይ ሁለት ልብ የለኝም፤ መልስ 6 ትክክል ናት። አንብባችሁ የምታልፉ ሁሉ ይህቺን ብቻ እንኳ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀዳዳ አታፍስሱ።

መልስ 8። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት የራሷን ታሪክ ጻፈች። እሷም ቤቷን ስታሳድስ ሽታ ነበረባት። ሦስት ባለሙያ አስመጣች፣ ሦስቱም ቧንቧው ተሰብሯል አሏት። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ፍሎር ድሬኑ ላይ ያለውን ፍርግርግ ሲያነሱት ከሥሩ ኩባያ የመሰለች ተገልብጣ የምትቀመጥ ነገር አለች። ከዳሯ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል። ሲፎን ማለት እሷ ናት። ፀጉር ስትይዝና ውሃው ሲዘገይ የምታጸዳው ልጅ አውጥታ ዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀምጣታለች። ውሃው ፈጥኖ መውረድ ጀመረ፤ ሽታውም ያለ ከልካይ ወጣ። ኩባያዋ ታጥባ ቦታዋ ተመለሰች፣ አለቀ።

ይህን እንዳነበብኩ ሄጄ የኛን ፍርግርግ በጠፍጣፋ መፍቻ አነሳሁ። ኩባያዋ አለች። በእጄ ይዤ አየኋት። ስስ ፕላስቲክ ናት፤ የምትቋጥረው ውሃ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። ከታች ሌላ ሲፎን ከሌለ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ጥቂት ቀን ሳይታጠቡ ቢቀሩ ይደርቃል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ድሬኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ስትገዙ ፍርግርጉን አንስታችሁ ውስጡን እዩ። ሁሉም የሚመርጠው የላዩን ኒኬል አይቶ ነው።

መልስ 9 እና 10 ስለ ቦይለር ናቸው። ሙቅ ውሃ ላይ ብቻ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለ ከፍሳሽ ጋር አይገናኝም። ቦይለር ውስጥ ብረቱ እንዳይዝግ የሚገባ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። በዚያ ምክንያት ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ያንን ሽታ የሚያመጣውን ጋዝ፣ የሚፈጥሩበት ጊዜ አለ። መለያው ቀላል ነው፤ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ሌላ ክፍል ወስዶ ማሽተት። ብርጭቆው ከሸተተ ውሃው ነው፣ ካልሸተተ ቧንቧው ነው። የኛ አልሸተተም።

መልስ 11። መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው ረጅም ጽሑፍ ለቀቀ። የአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ ወይም ኮቲቻ የምንለው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በየዓመቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከወለል ሥር ያለው የ110 ቧንቧ (ስፋቱ 110 ሚሊሜትር የሆነው የፍሳሽ ቧንቧ) አሸዋ ሳይነጠፍለት በቀጥታ አፈሩ ላይ ከተቀመጠ መገጣጠሚያው ቀስ እያለ ይላቀቃል። የፍሳሽ ውሃ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ ጋዙ ደግሞ በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ ወለሉን ከፍቶ ቧንቧውን መለወጥ ይሻላል አለ።

መልስ 12። የሰበታው ባለሙያ ወዲያው ተነሳበት። አፈሩን እሱም ያውቀዋል፤ አቃቂ፣ ለቡ፣ ፉሪ ሲቆፍር ኖሯል። ግን ሰውየው ሴራሚክ እንዳልሰብር እርዱኝ እያለ ወለል ክፈት ማለት ምን ማለት ነው? ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ማዘዝ ይቅር አለ። መጀመሪያ ማንሆሉ (የፍሳሽ መስመሩ መክፈቻ ጉድጓድ) ጋ መስመሩን ዘግቶ ውሃ መሙላት፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ደረጃው መውረዱን ማየት። ካልወረደ ቧንቧው ደህና ነው።

መልስ 13። መሐንዲሱ አልተቀየመም። የውሃው ፍተሻ ይቅደም በሚለው ተስማማ። ነገር ግን በረንዳውና የግቢው ንጣፍ ተሰንጥቆ እንደሆነ እንድመለከት ጠየቀኝ። ለኔ ይህ ክርክር ጥሩ ነበር። አፈሩ ላይ ያለው ነገር እውነት ነው፤ በኛ አካባቢ አጥሩ እንኳ ከዓመት ዓመት ይጣመማል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ባለሙያው ይበልጣል። መስበር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ማንሆሉ ጋ ዘግተን ሞላን፤ ውሃው ባለበት ቆመ።

መልስ 14። ስለ አየር ቧንቧ ጠየቀ። ከሽንት ቤቱ መስመር ተነስቶ ጣሪያ አልፎ የሚወጣ ቧንቧ አለ ወይ? ከሌለ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል። አየር የሚያገኝበት ከሌለ ደግሞ ከቅርቡ ሲፎን ውሃውን መጥምጦ ይወስዳል። ድሬኑ ጉርጉር የሚለው ለዚህ ነው አለ። ከዚህም ሌላ ሴፕቲክ ታንኩ የሚያመነጨው ጋዝ በዚያው ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ መበተን አለበት።

መልስ 15። ቡራዩ ያለ ሰው ተቃወመ። የሱ ቤት የአየር ቧንቧ የሚባል ኖሮት አያውቅም፣ ሽታም አያውቅም።

መልስ 16። የመልስ 14 ሰው በትዕግሥት መለሰ። መቀመጫው ለታንኩ ቅርብ ከሆነ፣ ሲፎኖቹም ጥልቅ ከሆኑ፣ ታንኩም የራሱ ማስተንፈሻ ካለው፣ አንድ ሻወር ቤት ብቻ ሆኖ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ ሻወር ቤት ሲጨመር ወይም መስመሩ ሲረዝም ግን ይወጣል። የቡራዩው ሰው ከዚህ በኋላ ዝም አለ።

መልስ 17። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጨዋታውን ወደ ታሪክ ወሰዱት። ከመቀመጫው ሥር ቧንቧውን አጣሞ ውሃ እንዲቋጠርበት ያደረገው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። ሥራው ሰዓት መሥራት ነበር። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ከዚያ በፊት ሽንት ቤት ቤት ውስጥ ማስገባት ማለት ጉድጓዱን ቤት ውስጥ መክፈት ማለት ነበር አሉ። የኛ አባቶችም ሽንት ቤቱን ከጓሮ ዳር ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የቋጠረ መታጠፊያ እስኪመጣ ድረስ ከሽታው የሚያድነው ርቀት ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ሸሸ። አንዱ ሽንት ቤት ከነጭራሹ ከመኝታ ክፍል አጠገብ መሆን የለበትም አለ። ሌላዋ ሌሊት ዝናብ እየዘነበ ጓሮ መሄድን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው አለች፣ በተለይ እርጉዝና አዛውንት ላሉበት ቤት። ሌላው ደግሞ የከተማው መስመር መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ቢወርድ ታንክ የሚባል ጣጣ ይቀራል አለ። መስመር ቢገባም ሲፎንና የአየር ቧንቧ አይቀሩም ብሎ የሰበታው ባለሙያ አረመው። እነዚህን ከመልስ 18 እስከ 21 ቆጥራችሁ እለፏቸው።

መልስ 22። ይህ ነው ነገሩን የቀየረው። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ናት የጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ መንደር ሳርስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ከ300 በላይ ነዋሪ ያዘ። የጤና ባለሥልጣናት ሲመረምሩ ከተጠረጠሩት መንገዶች አንዱ የሻወር ቤት ወለል ድሬን ነበር። ሲፎኖቹ ደርቀው ነበር። የሻወር ቤቱ ፋን ሲከፈት ክፍሉን ባዶ ያደርገዋል፤ ክፍሉ ደግሞ አየር ለማግኘት ከፍሳሽ ቧንቧው ይስባል። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ወንድሜ፣ በር ዘግተህ ፋን ከፍተህ ካደርክ አንተም ጉድጓዱን እየጠባህ ነው የምታድረው አለችኝ። የምፈራው በሽታውን አይደለም፣ ቤትህ ውስጥ አየር የሚገባበትን መንገድ ፈልግ አለች።

ማታውኑ ፋኑን አጥፍተን አደርን። ጠዋት ሽታው የለም ማለት ይቻላል። ፋኑን ከፍተን በሩን ዘጋን፤ ቡና ተፈልቶ ሳያበቃ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት የሚብስበትና ቀን ላይ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ቆሻሻ ስንፈልግ ነበር። መፈለግ ያለበት ግን አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው።

መልስ 23። የሰበታው ባለሙያ በዚህ ላይ ተነስቶ አሠራር ሰጠኝ። ዝርዝሩን ልጻፈው፣ ምክንያቱም ያለ ምንም ባለሙያ ሊሠራ ይችላል። ፋኑ እየሠራ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የፍሳሽ መውጫዎቹን አንድ በአንድ በፌስታልና በፕላስተር ማሸግ። መጀመሪያ ፍሎር ድሬኑ። ፕላስተሩ እንዲይዝ ወለሉ መድረቅ አለበት። አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ጠዋት ከውጪ አየር ወስዶ መግባትና ማሽተት። ከዚያ የእጅ መታጠቢያው፤ የላይኛዋን የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳይረሱ። ከዚያ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ዙሪያውን። አንዱ ታሽጎ ሽታው ከጠፋ እሱ ነው። ሁሉም ታሽጎ ካልጠፋ ከማይታይ ቦታ ነው የሚመጣው። ሁለት ሰው ቢያሸት ይሻላል፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ስለሚለምድ አንዱ ከውጪ የሚመጣ ይሁን አለ።

መልስ 24። አንዷ ዕጣን ወይም ሰንደል አጭሼ ጢሱ የሚሸሽበትን እንዳይ መከረች። ቀዳዳ ካለ ፋኑ ሲስብ ከዚያ የሚወጣው አየር ጢሱን ይገፋዋል።

መልስ 25። ሌላው እሳት ከፍሳሽ ጋ! ብሎ ጮኸባት። ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አለበት፣ ይፈነዳል አለ። አነጋገሩ ጨዋ አልነበረም።

መልስ 26። ባለሙያው መሀል ገባ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። አየር በሚንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ፣ ከወለል በላይ፣ አንድ ሰንደል ችግር የለውም። የታንክ ወይም የማንሆል አፍ ተከፍቶ ግን ክብሪትም፣ ሲጋራም፣ ምንም አይቀርብም። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ስላልሸተተ የለም አይባልም። ከዚህ በኋላ የጻፈውን ሁሉም እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ማንም ሰው፣ ለምንም ነገር፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አይግባ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው የማሽተት ችሎታን ነው። ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው እዚያው ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባውም ይከተለዋል። ታንክ የሚጸዳው በመምጠጫ መኪና ነው፣ ሰው ገብቶበት አይደለም። ሠፈር ውስጥ በቀን ሥራ የሚያስገቡ አሉ፤ ካያችሁ አስቁሙ አለ። ከዚህ መልስ ሥር ሌላ ነገር የጻፈ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እሺ ብቻ ብሎ አለፈ።

መልስ 27 የኔ ነው። ድሬኑን አሸግኩ፣ ሽታው አልጠፋም። የእጅ መታጠቢያውን ጨመርኩ፣ አሁንም አለ። መቀመጫው ሥር ዙሪያውን ለጠፍኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ሰንደል ለኮስኩ። መቀመጫው አጠገብ ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ድሬኑም ላይ እንዲሁ። የእጅ መታጠቢያው ካቢኔት ሥር ዝቅ ሳደርገው ግን ጢሱ ወደ ፊቴ ተገፋ። ካቢኔቱ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት፣ ከኋላ፣ ሲሊኮን ያልደረሰበት ስስ ክፍተት አለ። ከዚያ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። እጄን አስጠግቼ ነው ያረጋገጥኩት።

መልስ 28። የኮዬ ፈጬዋ እህት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አሮጌው የሽንት ቤት መቀመጫ የነበረው የት ነው? የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ካቢኔቱ እሱ በነበረበት ገባ ብለህ የለ? የድሮው ቧንቧ አፍ በምን ተዘጋ?

ከሁሉም መልስ የተሻለው ይህ ነበር። ሁላችንም አንብበነው አልፈነው ነበር።

መልስ 29። ባለሙያው እንዴት እንደምከፍት ነገረኝ። ካቢኔቱን ብቻ ማንሳት፣ ከሥሩ ያለውን አንድ ሴራሚክ በመሮ ቀስ ብሎ ማውጣት። ካቢኔቱ ሲመለስ ስለሚሸፍነው ጉዳቱ አይታይም።

መልስ 30 ውጤቱ ነው። ካቢኔቱ ሥር ያለው ሴራሚክ ሲነካ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ስናወጣው ከሥሩ እንደ ቂጣ የሳሳ የሲሚንቶ ልስን አገኘን፤ መሀሉ ተሰንጥቋል። ልስኑን በመሮ ጫፍ ስናነሳው የ110 ቧንቧ አፍ ወጣ። የተዘጋው ተጨምድዶ በተጎሰጎሰ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ርሶ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ በአንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ሾልኳል። ከረጢቱ የገባው በሥራው ወቅት ፍርስራሽ እንዳይወድቅበት ነው። ይህ ትክክል ነው፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ሲያልቅ ግን መውጣትና አፉ በክዳን መዘጋት ነበረበት። ወረቀቱን አውጥተን፣ የቧንቧውን አፍ በጨርቅና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን፣ በኮላ የ110 ክዳን ገጠምንበት። ከላዩ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ሴራሚክ። ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አደረ፤ ጠዋት የሸተተን የሳሙና ሽታ ነው።

መልስ 31። ደስታው ሳያልቅ አንዱ የዘንድሮ ሠራተኛ ብሎ ጀመረ። ሌባ፣ ግዴለሽ፣ ያልተማረ፤ ያላለው የለም።

መልስ 32። ሌላ የሴራሚክ ሠራተኛ መለሰለት፤ ተናዶ ነው የጻፈው። ባለቤቱ ሴራሚኩን ለመምረጥ መርካቶን ሙሉ ቀን ይዞራል፣ ስለ ቧንቧው አንድ ጥያቄ አይጠይቅም። ዋጋ ሲያዋርድ የሚቀንሰው ከማይታየው ነው። በዓል ሳይደርስ ጨርሱ ይላል። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መስመሩ በውሃ ይፈተሽ ሲባል ጊዜ የለም ይላል። ከዚያ ሲሸት ሠራተኛው ሌባ ይሆናል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። የኛን ሥራ የያዘው ሰው ክዳኑን መግጠም ነበረበት፣ ይህ ላይ ክርክር የለኝም። መጥቶ አሽትቶ ይለቃል ማለቱ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል፤ የድሮው አፍ የት እንደነበር ያውቃል። ይሁን እንጂ የሴራሚክ ሠራተኛው ያለው የሚጣል አይደለም። ውል ውስጥ የማይታየው ሥራ በስሙ ይጻፍ። የድሮ አፎች በክዳን ይዘጉ፣ ከመሸፈናቸው በፊት ፎቶ ይነሱ፣ መስመሩ በውሃ ተሞልቶ ይፈተሽ። የነዚህ ክፍያ ከሴራሚኩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

መልስ 33። መሐንዲሱ እንኳን ደስ አለህ ብሎ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ጉርጉርታው አልተፈታም። ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ድሬኑ የሚጮህ ከሆነ የኩባያዋ ውሃ በየጊዜው እየተመጠጠ ነው። ክዳኑ አንዱን መንገድ ዘጋ እንጂ አየር ቧንቧው አሁንም የለም። የሰበታው ባለሙያ በዚህ ተስማማ። ድሬኑን ጥልቅ ሲፎን ባለው ለመለወጥና መስመሩ ላይ የአየር ቧንቧ ለማውጣት አስበናል።

መልስ 34። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ ያለ ሲፎን በቀጥታ ቧንቧ ውስጥ የተሰካበት ቤት ሽታ እንዳለው አንዷ ጻፈች፤ ቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍተት ነው የሚያስወጣው። እውነት ነው፣ የኛም እንዲሁ ተሰክቶ ነበር፤ ሲፎን አስገባንለት።

መልስ 35። ሱሉልታ ካለው ከመልስ 2 ሰው ነው። ክሩን አንብቦ ኮርኒሱን ከፍቶ አየ። የሱ የአየር ቧንቧ አለ፤ ግን አዲሱ ጂፕሰም ሲገጠም ከኮርኒሱ በላይ ተቆርጦ እዚያው ቀርቷል። ቆርቆሮውን ሳይበሳ ነው ያለፉት። ሽታው ጣሪያ ውስጥ ተጠራቅሞ በመብራቶቹ ቀዳዳ ይወርዳል። ሰኔ ስለገባ አሁን ቆርቆሮ ልብሳ ወይስ መስከረምን ልጠብቅ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 36። የሰበታው ባለሙያ አትጠብቅ አለው። ጋዙ ክረምቱን ሙሉ ጣሪያ ውስጥ መክረም የለበትም። ቀዳዳው ቆርቆሮው ከፍ ብሎ በሚጎብጥበት እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይበሳ። ቧንቧው ከቆርቆሮው በላይ ከፍ ይበል፤ ከመስኮትና ከሮቶው አፍ ይራቅ። ዙሪያውን የጎማ አንገት ወይም የታጠፈ ላሜራ ይግጠምና ከላይኛው ወገን በቆርቆሮው ሥር ይግባ፤ ሲሊኮን ብቻውን በበጋ ፀሐይ ይላቀቃል። አናቱ ላይ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ይሁንበት። ጠዋት ጠዋት ደመናው ሳይከብድ ይሠራ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የሱሉልታው ሰው ለቅዳሜ ቀጠረው።